መድኃኒቱ ከመስኮቱ ካለፈ በኋላ



ዛሬ እንድናገር የተጋበዝኩት በመጀመሪያ ደረጃ የጤና አገልግሎት ውስጥ የፋርማሲስት ድርሻ ምን እንደሆነ በመመርመር ስላሳለፍኩት ዕድሜ ነው። ስለ ራሴ ከምተርክ ግን ይህን ዕድሜ መንገድ ያስያዙልኝን ጥናቶች ባካፍላችሁ ይበልጥ ይጠቅማችኋል። የማስቀድመውም ሙያችን መስማት ያልፈለገውን ጥናት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 ከምሥራቅ እንግሊዝ አንድ የጥናት ውጤት ታተመ። ጥናቱ ሆመር ይባላል፤ የመራው ሪቻርድ ሆላንድ ነው። ተሳታፊዎቹ ዕድሜያቸው ከ80 ዓመት በላይ የሆነ፣ በድንገተኛ ሕመም ሆስፒታል ተኝተው የወጡና ሁለት ወይም ከዚያ በላይ መድኃኒት የሚወስዱ 872 አረጋውያን ነበሩ። በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። የአንደኛውን ቡድን አባላት ከሆስፒታል በወጡ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ እንደገና ደግሞ በስምንተኛው ሳምንት አካባቢ ፋርማሲስት ቤታቸው ድረስ ሄዶ ጎበኛቸው። መድኃኒታቸውን አንድ በአንድ አየ፤ አወሳሰዱን አስረዳ፤ ጊዜው ያለፈበትን ለይቶ አስወገደ፤ የሚጋጭ መድኃኒት ወይም የጎንዮሽ ጉዳት ከጠረጠረ ለሐኪማቸው አሳወቀ። ሁለተኛው ቡድን የተለመደውን አገልግሎት ብቻ አገኘ።

ማንኛችንም ብንጠየቅ ውጤቱን አስቀድመን እንናገር ነበር። ፋርማሲስት የጎበኛቸው አረጋውያን ሆስፒታል መመላለሳቸው ይቀንሳል እንል ነበር። በስድስት ወር ውስጥ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። የተጎበኘው ቡድን በድንገተኛ ሕመም 234 ጊዜ ሆስፒታል ተመልሶ ገባ፤ ያልተጎበኘው 178 ጊዜ። በስሌት ሲቀመጥ የ30 በመቶ ጭማሪ ነው። ሐኪሞች ወደ ቤታቸው የሚጠሩበት ጊዜም ጨመረ። የኑሮ ጥራታቸው ተሻሻለ የሚያሰኝ ነገርም አልተገኘም።

ይህን ጥናት ክፍል ውስጥ ሳቀርብ ተማሪዎች ቶሎ ብለው የሚጠይቁኝ «ስህተቱ የት ላይ ነው?» ብለው ነው። ጥናቱ ውስጥ ስህተት ያለ ይመስላቸዋል። እኔ ደግሞ ደጋግሜ የምመልስላቸው ጥናቱ በጥንቃቄ የተሠራ መሆኑን ነው። ዕጣው በአግባቡ ወጥቷል፤ ቁጥሩ በቂ ነው፤ የተለካውም ነገር ቀላልና ግልጽ ነው፤ ሰውየው ሆስፒታል ገባ ወይስ አልገባም? ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ምክንያት ሊሆኑ የሚችሉትን ጠቁመዋል። ምናልባት አረጋውያኑ መድኃኒታቸውን በደንብ መውሰድ ሲጀምሩ ጉዳቱም አብሮ መጣ። ምናልባት የሕመም ምልክትን ለይተው ማወቃቸው ቶሎ እርዳታ እንዲሹ አደረጋቸው። ምናልባትም በደካማ ጉልበት ላይ አንድ ተጨማሪ መካሪ መምጣቱ ግራ አጋባቸው። የትኛው እንደሆነ ጥናቱ አልለየም። ይኸው የተመራማሪዎች ቡድን ከሁለት ዓመት በኋላ የልብ ድካም ባለባቸው 293 ሕመምተኞች ላይ ተመሳሳይ ነገር ሞክሮ፣ የፋርማሲስት ጉብኝት ሆስፒታል መግባትን እንዳልቀነሰ በግልጽ ጻፈ።

እነዚህን ውጤቶች ማተም ድፍረት ይጠይቃል። የሙያ ማኅበራት ለመንግሥት «አገልግሎታችን ይጠቅማል፣ በጀት ይያዝልን» እያሉ በሚከራከሩበት ሰዓት የወጡ ናቸውና። እኔ በዚህ ዘርፍ ለመቆየት የቆረጥኩት እንዲህ ዓይነት ውጤት ስላለ ነው። ሁሉም ጥናት «ፋርማሲስት ጠቃሚ ነው» ብሎ የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ መመርመር አያስፈልግም ነበር፤ ማስታወቂያ መሥራት ይበቃ ነበር።

የሆመርን ዘገባ ደጋግሜ ሳነበው ግን አንድ ነገር ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ይህ የእኔ ንባብ ነው፤ የጥናቱ መደምደሚያ አይደለም። ፋርማሲስቱ መከረ፣ ጻፈ፣ ሄደ። ያየውን ችግር ራሱ የሚያስተካክልበት ሥልጣን አልነበረውም። የሰጠው ምክር ምን እንዳመጣ ተመላልሶ የሚያይበት ጊዜም አልተሰጠውም። ሁለት ጉብኝት፣ ጥቂት ደብዳቤ፣ ከዚያ በኋላ ሕመምተኛው ለራሱ ተተወ። ከዚህ ጥናት ወዲህ ባነበብኩት ሁሉ የምፈልገው ይህንኑ ነው፤ ፋርማሲስቱ ምን አወቀ ሳይሆን ምን ለማድረግ ተፈቀደለት፣ ስንት ጊዜስ ተመለሰ የሚለውን።

እስቲ ወደ ሌላ ጥናት ልውሰዳችሁ። በዚያው በእንግሊዝ፣ በኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ቶኒ ኤቨሪ የሚባል ሐኪም አለ። እርሱና ባልደረቦቹ በጠቅላላ ሐኪሞች ክሊኒኮች የሚጻፉ ማዘዣዎችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ሪፖርት ከ20 የታዘዙ መድኃኒቶች በአንዱ የአጻጻፍ ወይም የክትትል ስህተት እንዳለ አሳዩ። አብዛኛው ቀላል ወይም መካከለኛ ነው፤ ከ550 አንዱ ግን ከባድ ነበር። ቁጥሩ ትንሽ ሊመስላችሁ ይችላል። በአንድ አገር በዓመት ስንት መቶ ሚሊዮን ማዘዣ እንደሚጻፍ ስታስቡ ግን ያስፈራል።

በዚያው ዓመት ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ሙከራቸው ፒንሰር ይባላል። 72 ክሊኒኮችን ይዞ ነበር። ኮምፒዩተር የሕመምተኞችን መዝገብ ፈትሾ አደጋ ያለባቸውን ለይቶ ያወጣል፤ ለምሳሌ የጨጓራ ቁስል ኖሮበት የጨጓራ መከላከያ ሳይጨመርለት እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻ የሚወስድ፣ አስም እያለበት ቤታ ብሎከር የታዘዘለት፣ ዕድሜው 75 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ የግፊት ወይም ፈሳሽ የሚቀንስ መድኃኒት እየወሰደ የኩላሊትና የጨው ምርመራው የዘገየበት። የግማሾቹ ክሊኒኮች ሐኪሞች የስም ዝርዝሩን ብቻ ተቀበሉ። ለግማሾቹ ግን ከዝርዝሩ ጋር ፋርማሲስት ተላከላቸው። ፋርማሲስቱ ለ12 ሳምንት ያህል ከክሊኒኩ ሠራተኞች ጋር ተቀምጦ እያንዳንዱን ሕመምተኛ እስከ መጨረሻው ተከታተለ፤ ተጠርቶ ይመርመር፣ መድኃኒቱ ይለወጥ፣ መከላከያ ይጨመርለት እያለ።

በስድስት ወር ሲለካ ፋርማሲስት በነበረባቸው ክሊኒኮች ሦስቱም ስህተቶች በግልጽ አንሰው ተገኙ። የአረጋውያኑ የምርመራ መዘግየት በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ዝርዝሩ በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ነበር፤ ልዩነቱ ዝርዝሩን ይዞ የሚቆም ሰው መኖሩ ነው። በ12ኛው ወር ሲለካ ልዩነቱ ጠበበ። ፋርማሲስቱ ከሄደ ሰንብቶ ነበር። ለእኔ ይህ ሁለተኛው መለኪያ ከመጀመሪያው ያላነሰ ዋጋ አለው።

ሦስተኛው ጥናት ከሁሉም በላይ የምወደው ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ሰፋ አድርጌ እንድናገር ፍቀዱልኝ።

ሮናልድ ቪክቶር የደም ግፊት ሐኪም ነበር። በአሜሪካ ጥቁር ወንዶች በደም ግፊት ሳቢያ የሚደርስባቸው ሞትና የአካል ጉዳት ከሌላው የበዛ መሆኑ ያሳስበው ነበር። እነዚህ ሰዎች ወደ ክሊኒክ ብዙም አይመጡም። ወደ ጸጉር ቤት ግን ይመጣሉ፤ ያውም በሁለትና በሦስት ሳምንት አንዴ፣ ለዓመታት ወደ አንድ ጸጉር አስተካካይ። ቪክቶር መጀመሪያ በዳላስ ከተማ ጸጉር አስተካካዮችን አሠልጥኖ የደንበኞቻቸውን ግፊት እንዲለኩና ከፍ ያለባቸውን ወደ ሐኪም እንዲልኩ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው ውጤት መሻሻል ያለበት ቢሆንም መጠነኛ ነበር። ሰዎቹ ይላካሉ፤ አንዳንዱ ይሄዳል፣ አንዳንዱ ይቀራል፤ የሄደውም ቢሆን መድኃኒቱ በበቂ መጠን ከፍ አይደረግለትም።

ስለዚህ ወደ ሎስ አንጀለስ ከተዛወረ በኋላ ሁለተኛውን ሙከራ ለየት አድርጎ ነደፈው። 52 ጸጉር ቤቶችና 319 ደንበኞች ተካተቱ። በግማሾቹ ጸጉር ቤቶች አስተካካዩ ስለ አኗኗር እንዲመክርና ሐኪም ዘንድ እንዲሄዱ እንዲገፋፋ ተደረገ። በግማሾቹ ልዩ ሥልጠና የወሰደ ፋርማሲስት ራሱ ጸጉር ቤቱ ድረስ መጣ። ከየደንበኛው ሐኪም ጋር አስቀድሞ የተፈረመ የሥራ ስምምነት ነበረው። በዚህ መሠረት እዚያው ግፊቱን ለካ፣ እዚያው መድኃኒት አዘዘ፣ እዚያው በትንሽ መሣሪያ የደሙን ጨው መረመረ፣ ያደረገውን ለሐኪሙ ጽፎ ላከ። በስድስት ወር ውስጥ እያንዳንዱን ሰው በአማካይ ሰባት ጊዜ በአካል አገኘው።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ታተመ። ፋርማሲስቱ በነበረበት ወገን የላይኛው የደም ግፊት በአማካይ ከ152.8 ወደ 125.8 ወረደ፤ የ27 ነጥብ ቅናሽ ማለት ነው። በምክር ብቻ በቀረው ወገን ቅናሹ 9.3 ነበር። ግፊታቸው ከ130/80 በታች የሆነላቸው በአንደኛው 63.6 በመቶ፣ በሌላው 11.7 በመቶ ናቸው። በደም ግፊት ጥናት ውስጥ የቆያችሁ ታውቃላችሁ፤ እንዲህ ያለ ልዩነት በየጊዜው የሚገኝ አይደለም። በዓመቱ ሲለካም ውጤቱ አልጠፋም። ቪክቶር ጥናቱ በታተመ በወራት ውስጥ፣ በዚያው ዓመት አረፈ።

ይህን ጥናት ብዙ ሰው «ጸጉር ቤት ውስጥ የተሠራው» እያለ ያስታውሰዋል። ጸጉር ቤቱ ትልቅ ነገር ነው፤ አመኔታው ያለው እዚያ ነውና። ነገር ግን ሁለቱም ቡድን ጸጉር ቤት ውስጥ ነበር። በሁለቱም በኩል የታመነ አስተካካይ ነበር። አንደኛው ወገን ያገኘው፣ ሌላው ያላገኘው፣ ሥልጣን ያለውና የሚመላለስ ፋርማሲስት ነው።

እዚህ ላይ ለተማሪዎች ማስጠንቀቂያ አለኝ። የሆመርን ሕመምተኞችና የሎስ አንጀለስን ሰዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ «አያችሁ፣ ሥልጣን ሲጨመር ሠራ» ማለት ቀላል ነው፤ ግን አይበቃም። አንደኞቹ ከ80 በላይ የሆኑ፣ በብዙ ሕመም የደከሙ ሰዎች ናቸው። ሌሎቹ በአማካይ በ50ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ያሉ፣ በአንድ ግልጽ ሕመም የተመረጡ ናቸው። ሆስፒታል መግባትን መቀነስና የግፊት ቁጥርን ማውረድም እኩል ከባድ አይደሉም። ያም ሆኖ ሐሳቤን የሚያጠናክርልኝ ሌላ ማስረጃ ከካናዳ የአልበርታ ክፍለ ግዛት ይመጣል። አልበርታ እ.ኤ.አ. በ2007 ለፋርማሲስቶች መድኃኒት የማዘዝ መብት ሰጠች፤ በ2012 ደግሞ ለሚሰጡት ክትትል መንግሥት ይከፍል ጀመር። የኤድመንተኑ ሮስ ጹዩኪና ባልደረቦቹ በ248 የደም ግፊት ሕመምተኞች ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ማዘዝ የሚችል ፋርማሲስት የተከታተላቸው ሰዎች የላይኛው ግፊት በ18.3 ሲወርድ የሌሎቹ በ11.8 ወረደ። ልዩነቱ ከሎስ አንጀለሱ ያንሳል፤ አቅጣጫው ግን ያው ነው።

የፋርማሲስት ኃላፊነት ጉዳይ አዲስ አይደለም፤ ቻርልስ ሄፕለርና ሊንዳ ስትራንድ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን መምህራን እ.ኤ.አ. በ1990 በጻፉት ጽሑፍ፣ ፋርማሲስት መድኃኒት በማደል ብቻ ሳይሆን መድኃኒቱ በሕመምተኛው ላይ ላመጣው ውጤት ተጠያቂ መሆን እንዳለበት ተከራክረው ነበር። ያን ጽሑፍ በዓለም ዙሪያ የማያስተምር የፋርማሲ ትምህርት ቤት የለም ማለት ይቻላል። ተጠያቂነቱን ሁላችንም ወደድነው። ተጠያቂ ለመሆን የሚያስፈልገውን መዝገብ፣ ጊዜ፣ ሥልጣንና ክፍያ ግን አብዛኞቹ አገሮች ገና አልሰጡም።

አሁን ወደ እኛ ወደ ኢትዮጵያ ልምጣ።

በአንድ ጤና ጣቢያ የመድኃኒት መስጫ መስኮት አጠገብ ለአንድ ጠዋት ቁሙ። መስኮቱ ዝቅ ያለ ነው፤ ሕመምተኛው ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ ቀዳዳው ያስጠጋል። ከኋላው ሌላ ሰው ትከሻው ላይ ደርሶበታል። ከውስጥ ያለው ባለሙያ በትንሿ የመድኃኒት ፖስታ ላይ «1×2» ብሎ ይጽፍና «እማማ፣ ይኼን ጠዋት አንድ ማታ አንድ ይውሰዱ፤ ገባዎት?» ይላል። «አዎ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይሉታል። ቀጣዩ ይጠራል። ሁለቱም ተግባራቸውን ፈጽመዋል፤ መዝገቡም ላይ መድኃኒቱ ተሰጠ ተብሎ ተጽፏል።

እኒያን እናት እስከ ቤታቸው ተከተሏቸው። ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለች ፌስታል ያወርዱላችኋል። ውስጧ ከጤና ጣቢያው የተሰጠ የደም ግፊት መድኃኒት፣ ኢናላፕሪል፣ አለ። ባለፈው ወር ከጤና ጣቢያው ጠፍቶ ስለነበር ከግል ፋርማሲ በሌላ የንግድ ስም የተገዛ ኢናላፕሪልም አለ። እርሳቸው ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶች መስለዋቸው ሁለቱንም ይወስዳሉ። ለጉልበታቸው ሕመም ጎረቤት የመከረቻቸው ዳይክሎፌናክ አለ፤ ይኼ ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ከኢናላፕሪል ጋር ሲሆን ደግሞ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ከዓመት በፊት የተረፈ አሞክሳሲሊንም ይገኛል። ጾም ሲሆን የጠዋቱን መድኃኒት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያቆዩታል፤ አንዳንዴም እስከ ማታው ያደርሱትና ሁለቱን በአንድ ላይ ይውጧቸዋል። ራሳቸውን ካላመማቸው ደግሞ ግፊታቸው የወረደ ይመስላቸዋልና ጭራሽ ይተዉታል።

ከዚህ ሁሉ አንዱም በመስኮቱ በኩል አይታይም። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ግን ከፋርማሲስት ዕውቀት በላይ የሆነ አንድም የለም። በቀን አንድ ጊዜ በሚወሰድ እንደ አምሎዲፒን ባለ መድኃኒት ጾሙን ማስታረቅ፣ ሁለቱ ስም አንድ መድኃኒት መሆኑን ማሳየት፣ ለጉልበቱ ሌላ ማስታገሻ መፈለግ ሁለተኛ ዲግሪ አይጠይቅም። የሚጠይቀው መቀመጫ ያለው ክፍል፣ የሕመምተኛውን ካርድ የማየት መብትና በሚቀጥለው ወር ያንኑ ሰው ማግኘት ነው።

እንዲህ ያለ አሠራር በአገራችን የለም የሚለኝ ካለ አልስማማም። ለአንድ በሽታ ሠርተነዋል። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በኢትዮጵያ በነፃ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ለዚህ አገልግሎት የተቋቋሙት የመድኃኒት ክፍሎች ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ የተለየ የመረጃ ቅጽ ያዙ። መቼ መጣ፣ ምን ወሰደ፣ ምን የጎንዮሽ ጉዳት ታየበት፣ መቼ ይመለሳል የሚለው ይጻፋል። በቀጠሮው ቀን ካልመጣ ይፈለጋል። ሁኔታው የተረጋጋለት ሰው የስድስት ወር መድኃኒት እንዲወስድ የሚያደርግ አሠራርም በኋላ ተጨመረ። በዚህ ሥራ ያደጉ ፋርማሲስቶች ዛሬም በየሆስፒታሉ አሉ። ያንኑ ሕንፃ ተሻግራችሁ ወደ ደም ግፊትና ስኳር ክትትል ስትሄዱ ግን መልሳችሁ ያንኑ መስኮት ታገኛላችሁ። ለምን? ለኤች አይ ቪ የውጭ እርዳታ ነበረ፤ ገንዘብ ነበረ ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን ቅጽና ቀጠሮ ያን ያህል ውድ አይደለም፤ ምን ያህል ብር እንደሚፈጅ መዝኖ ማሳየት የእኛ የተመራማሪዎቹ ዕዳ ነው።

በአማራ ክልል ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የተጀመረውና በኋላ ወደ ሌሎች ክልሎች የተስፋፋው ኦዲት የሚደረግበት የመድኃኒት ግብይትና አገልግሎት ሥርዓት ሌላው ትምህርት ነው። ይህ ሥርዓት መድኃኒት ከየት መጣ፣ ለማን ተሸጠ፣ ስንት ቀረ የሚለውን ግልጽ አደረገው። የሚባክነውንና የሚጠፋውን ለማወቅ አስቻለ፤ የመድኃኒት ክፍሎችንም አሠራር አሻሻለ። በአክብሮት የማየው ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ሒሳቡ የሚዘጋው መድኃኒቱ ከመስኮቱ ሲወጣ ነው። እዚያ ላይ የምንቆምበት ምክንያት የለም። አንድ ሳጥን ኢናላፕሪል የት እንደገባ የሚያውቅ ሥርዓት የአንዲት እናት ግፊት የት እንደደረሰ ማወቅም አያቅተውም።

ስለ ግል ፋርማሲዎች አጭር ነገር ልበል። ከጤና ጣቢያ በፊት ሰው የሚሄደው እነሱ ዘንድ ነው፤ ቅርብ ናቸው፣ ካርድ አያስወጡም፣ ማታም ክፍት ናቸው። እዚያ የሚሠራው ባለሙያ ግን ገቢው የሚመጣው ከሸጠው እንክብል ነው። «ይኼ መድኃኒት አያስፈልግዎትም» ብሎ ሕመምተኛ የመለሰ ቀን ሙያውን በሚገባ ሠርቶ ገቢ አጥቶ ይውላል። ያለ ማዘዣ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት መሸጥን ያጠኑ ወገኖቼ፣ ራሳቸውን ሕመምተኛ አስመስለው በሚገቡ ሰዎች አማካይነት ችግሩ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ በተለያዩ ከተሞቻችን አሳይተዋል። እኔ ከዚህ በኋላ እንዲመረመር የምፈልገው የገቢው ጉዳይ ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 መጨረሻ ጀምሮ የሰፈር ፋርማሲዎች ሰባት ቀላል ሕመሞችን፣ ለምሳሌ የጉሮሮ ሕመምንና የሴቶችን የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ በተወሰነ መመሪያ እንዲያክሙ ስትፈቅድ፣ ክፍያውን ያያያዘችው ከምክክሩ ጋር ነው፤ መድኃኒት ቢሰጥም ባይሰጥም ይከፈላል። ከዚህ የሚገኘውን ውጤት በዓይነ ቁራኛ እከታተላለሁ።

አሁን ደግሞ ወደ ምርምር ለመግባት ለምታስቡ ልጆቼ የማይወደድልኝን ነገር ልናገር። የምርምር ሐሳብ ይዘው ቢሮዬ ከሚመጡ ተማሪዎች መካከል ብዙዎቹ የሚያመጡት «የፋርማሲስቶች ዕውቀት፣ አመለካከትና ተግባር በእገሌ ከተማ» የሚል መጠይቅ ነው። መጠይቁ ይበተናል፣ ይሰበሰባል፣ አመለካከታቸው ጥሩ ነው ተብሎ ይጻፋል፣ ሥልጠና ይሰጣቸው ተብሎ ይደመደማል። ይህን ዓይነት ጥናት ይብቃን። ፋርማሲስት ስለ ሥራው ጥሩ አመለካከት እንዳለው ካወቅን ቆየን። ያላወቅነው በእርሱ ሥራ ምክንያት የማን ግፊት እንደወረደ፣ የማን ኩላሊት እንደዳነ፣ ማን ደግሞ እንደተጎዳ ነው። መጠይቅ ርካሽ ነው፤ በአንድ ክረምት ያልቃል፤ ለምረቃ ያደርሳል። ሕመምተኛን ለ12 ወር መከታተል ገንዘብም ትዕግሥትም ይጠይቃል፤ ስልክ የቀየረውን መፈለግ፣ ለመከር ወደ አገሩ የሄደውን መጠበቅ፣ የሞተውን ቤተሰቡ ዘንድ ሄዶ ማረጋገጥ አለ። ለአንድ ተማሪ ብቻውን ይከብዳል። ስለዚህ አሥር ተማሪ አሥር መጠይቅ ከሚበትን፣ አሥሩም በአንድ ትልቅ ጥናት ውስጥ የየድርሻቸውን ቢሠሩ እመርጣለሁ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን የመመረቂያ ጽሑፍን ደንብ ለዚህ እንዲያመቻቹ ደጋግሜ ጠይቄያለሁ፤ ዛሬም በእናንተ ፊት እጠይቃለሁ።

ሐኪሞችን የሚመለከት ቃልም አለኝ። ከጠቀስኳቸው ጥናቶች ሦስቱን የመሩት ሐኪሞች ናቸው። ሆላንድ፣ ኤቨሪ፣ ቪክቶር። ፋርማሲስት ሥልጣን ይሰጠው የሚለውን ሐሳብ የሐኪምን ሥራ እንደ መንጠቅ አድርጋችሁ ለምትሰጉ፣ የሎስ አንጀለሱ ፋርማሲስት እያንዳንዱን መድኃኒት ያዘዘው ሐኪሙ በፈረመው ስምምነት መሠረት እንደሆነ አስታውሳችኋለሁ። እዚህም መድኃኒት ማዘዝ የሐኪሙና የጤና መኮንኑ ሥራ እንደሆነ አውቃለሁ። የምጠይቀው በጽሑፍ በተቀመጠ መመሪያ ውስጥ፣ ለተወሰነ ሕመም፣ የተጀመረን መድኃኒት መጠን ከፍና ዝቅ የማድረግ ፈቃድ በሙከራ መልክ እንዲሰጥ ነው።

በሚቀጥሉት ዓመታት እንዲሠራ የምፈልገው ጥናት ይኼ ነው። የተወሰኑ ጤና ጣቢያዎች በዕጣ ይመደቡ። በግማሾቹ የደም ግፊት ሕመምተኞች እንዳሁኑ በመስኮት ይስተናገዱ። በግማሾቹ ፋርማሲስቱ ወንበር፣ ግፊት መለኪያ፣ የሕመምተኛ ቅጽና ከጤና መኮንኑ ጋር የተፈረመ መመሪያ ይኑረው። በየወሩ ግፊቱን ይለካ፤ ፌስታሏን አስመጥቶ ይይ፤ በመመሪያው መሠረት መጠኑን ያስተካክል፤ ያላስተካከለውን ለጤና መኮንኑ ያስተላልፍ። በዓመቱ የሚለካው የላይኛው ግፊትና በክትትል ላይ የቀረው ሰው ብዛት ይሁን። ከሆመር በተማርነው መሠረት ደግሞ ጉዳቱ እኩል በጥንቃቄ ይቆጠር፤ ማን አዙሮት ወደቀ፣ የማን ኩላሊት ደከመ፣ ማን ሆስፒታል ገባ። መድኃኒቱ ከመጋዘን የጠፋባቸው ቀናትም ለየብቻ ይመዝገቡ፤ ባዶ መደርደሪያ ያመጣውን ውድቀት የፋርማሲስቱ ውድቀት አድርገን እንዳንጽፈው።

ጥናቱ ከመጀመሩም በፊት ምን ውጤት ብናይ አሠራሩን እንደምንተወው በጽሑፍ አስቀምጠን፣ ለጤና ቢሮውም ለሙያ ማኅበራችንም አስቀድመን እናስታውቅ። ቁጥሩ የቱ ላይ መሆን እንዳለበት ሐኪሞችም ፋርማሲስቶችም በተቀመጡበት እንከራከርበት። የመመሪያውን ረቂቅ ይዤ መጥቻለሁ፤ ከአዳራሹ ስትወጡ በር ላይ ካለው ጠረጴዛ ላይ ታገኙታላችሁ፤ በተለይ መጠን ስለመጨመር የሚናገረውን ሁለተኛውን ገጽ በደንብ አርሙልኝ።